ጨጓራ ያልነው

የካቲት 11 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ለጨጓራዬ ብዬ ሄጄ ጫማ አስወለቁኝ።

የእኔ ጨጓራ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይነሳል፣ ስቆም ይተኛል። አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር አጠገብ ላለው ክሊኒክ ሐኪም ይህንኑ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። ዶክተር ራህመቶ ይባላል። ጠና ያለ ሰው ነው፤ የግራ ትከሻው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ሰው ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደም አስወስዶኝ ነበር። ዛሬ ውጤቱን ይዞ ተቀመጠና ወረቀቱን ትቶ የዓይኔን ቆብ ማየት ጀመረ።

"ይኼ ቢጫ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"የአባቴ ምልክት ነው" አልኩት። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ነው የምንለው። አባባ ነበረው፤ ታላቄ ተሻለችም ነበራት። ዘመድ ሲመጣ "አቤት፣ ቁርጥ አባቷን!" እያለ የሚስመው እሱኑ ነው። ሐኪሙ ፈገግ የሚል መስሎኝ ነበር።

ጫማሽን አውልቂ አለኝ። አወለቅኩ። ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ዳበሰው። ወፍሯል አለ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስለምረግጥ ነው አልኩት። "በአንድ እግርሽ ነው የምትረግጪው፤ የወፈረው ግን ሁለቱም ነው" አለኝ።

ኮሌስትሮል ነው። መጥፎው ዓይነት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በደሜ ውስጥ ሲጠራቀም የኖረ፣ ከወላጅ የሚወረስ። ደረጃ ላይ የሚነሳብኝም ጨጓራ ሳይሆን ልቤ ሳይሆን አይቀርም። ገና ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ወፍራምም አይደለሁም ብዬ ተከራከርኩት። "ወጣት ስለሆንሽ፣ ቀጭን ስለሆንሽ፣ ሴትም ስለሆንሽ ነው ማንም ያልፈለገልሽ" አለ።

ከዚያ ስለ ቤተሰብ ጠየቀኝ። አባባ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። መተሐራ ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ መሪው ላይ ተደፍቶ ተገኘ፤ አርባ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሙቀት መታው ተባለ። ተሻለች ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ። እሷ ደግሞ ጨጓራ ተባለ። መንጋጋዋን ይዛ ታቃስት ስለነበር ጥርስም ነው ያለ ነበር። ተልባውን አሙቄ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ሁሉንም ጻፈው።

"ሌላ እህት ወይም ወንድም አለሽ?"

"ታናሽ እህት አለችኝ። ሊዲ። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ነው።"

"ከሰርጉ በፊት ትመርመር።"

ኪኒን ሰጠኝ፤ ማታ ማታ፣ ዕድሜ ልክ። መውለድ ካሰብኩ አስቀድሜ ልነግረው ይገባል፤ በእርግዝና አይወሰድም። ልቤን በደንብ የሚያይ ሌላ ሐኪም ዘንድም ጻፈልኝ። በር ላይ ስደርስ እንደገና ጠራኝ፤ "ከሰርጉ በፊት" አለ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት።

"ለማን ነገርሽ?" ነው ያለችኝ፤ ምን አለሽ ሳይሆን። ለማንም፣ ለአብተውም አልነገርኩም አልኳት። ባሌ ዱከም ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ደግ አድርገሻል አለችኝ።

"የሊዲ አማት አዴ ሎሚ ሽማግሌ የላከች ጊዜ ምን አስጠየቀች? በቤታችሁ በሽታ አለ ወይ አለች። እኛ ምን አልን? የለም አልን። አሁን ሙሽራይቱ ልቧ ያሰጋል፣ እርግዝና የሚከለክል ኪኒን ትውጣለች ሊባል ነው?"

"እማዬ፣ ሊዲ እኮ ገና አልተመረመረችም።"

"ካልተመረመረች የለባትም።"

እንዲህ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ነገሩ ከተቆረጠ በኋላ የምታደርገው ነው። ሰርጉ ይለፍ፣ በማግስቱ እኔ ራሴ ክንዷን ይዤ እወስዳታለሁ አለች። አባቷ ሳያይ የሄደውን፣ ተሻለች ሳታይ የሄደችውን ሰርግ አታበላሺብኝ አለች። አለቀሰች። እሺ አልኩ። ሁለት ወር ምን አላት።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

እማዬ ቤት ተሰብስበን ጾሙን ተቀበልን። ክትፎው፣ ዶሮው፣ አይቡ። ቅቤው ከአርሲ የመጣ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ተነገረን። የሊዲ እጮኛ ቶኩማም ነበር። መልካሳ ምርምር ማዕከል ነው የሚሠራው፤ ስለ ቦሎቄ ዘር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ ሊዲ ግን ዓይን ዓይኑን እያየች ትሰማዋለች። እንዲህ የሚሰማኝ ባል ቢኖረኝ እኔም ስለ ቦሎቄ አወራ ነበር።

ሊዲ ከበላች በኋላ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ጫን ጫን አለች። "ጨጓራዬ" አለች። እማዬ "ክትፎው ነው" አለች። እኔም "ክትፎው ነው" አልኩ።

ስትስቅ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቆቧ ላይ ከኩሉ በላይ የሆነ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ሜካፕ ይሆናል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ሱቄ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ዛሬ ሁለተኛው ላይ ስልክ ተደወለልኝ፣ ቆሜ አነጋገርኩ።

ሥራ በዝቷል። የሰርግ ቀሚስ ሁሉ ለፋሲካ ማግሥት ነው።

ኪኒኑን ለጊዜው ትቼዋለሁ። እግሬን ይቆረጥመኛል። ደግሞስ በሁዳዴ ኮሌስትሮል ከየት ይመጣል? ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ዶክተር ራህመቶ "ሽሮ ብቻ ብትበዪም ጉበትሽ ራሱ ይሠራዋል፤ በጾም ብቻ አይወርድልሽም" ብሎኝ ነበር። እሱ የእኛን ጾም ርዝመት ላያውቀው ይችላል። የልብ ሐኪሙም ጋ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ከመብራት ኃይል ሰፈር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

"ወጣት እኮ ናት። ምን ነክቷት ነው?"

"ጨጓራ ነው አሉ። ስታቃስት አድራ ጠዋት።"

"ውይ፣ ይኼ ጨጓራ ስንቱን ፈጀ።"

የሚያወሩት ስለማላውቃት ሴት ነው። ወራጅ አለ ብዬ ሳልደርስ ወረድኩ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ፊቴ ላይ ይደፋዋል፤ ነጠላዬን ተከናንቤ በእግሬ ሄድኩ። ደረጃው ላይ እንደገና ስልክ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቀሚሷን ለካሁላት። በችኮላ ሳይሆን ተቀምጬ መጻፍ አለብኝ፣ ሱቁን ዘግቻለሁ።

ጥበቡን ራሴ ነኝ የመረጥኩት፤ አረንጓዴ የለበትም፣ ወርቃማና ነጭ ብቻ ነው። ሊዲ መስታወት ፊት ቆማ ስትዞር አስለቀሰችኝ። ትከሻዋ እኩል ነው። ከቤታችን ትከሻው እኩል የሆነ ሰው እሷ ብቻ ናት። "ሙሉዬ፣ አታልቅሺ፣ ጥበቡን ታበሰብሺብኛለሽ" አለችኝ። ወገቡ ተስተካከለ፣ እጅጌው ተስተካከለ። ጫፉ ቀረ። የሰርጉን ጫማ አድርጋ ቆመች፣ እኔ መርፌውን በከንፈሬ ይዤ ተንበረከክኩ።

ከጫማው በላይ ያለው ጅማቷ ወፍራም ነው።

አጥፌ፣ ሰክቼ፣ ወደ ሌላው እግሯ ዞርኩ። እሱም ወፍራም ነው። የቀሚሱን ጫፍ የማስተካክል መስዬ ሐኪሙ እንደያዘኝ በሁለት ጣቴ ያዝኩት። እንደ እኔው ነው፤ ከእኔም ይብሳል። "ይኮረኩራል!" ብላ ሳቀች። ቀና ብዬ አየኋት። ሜካፕ አልነበራትም። ቆቧ ላይ ያለው ሜካፕ አይደለም።

"ሊዲ።"

"ወይ።"

"ደም ብትመረመሪ ምን ይመስልሻል?"

"የምን ደም? ቶኩማና እኔ ኤች አይ ቪ ተመርምረን ጨርሰናል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ወረቀቱን ተቀብሎናል።"

"ሌላም ምርመራ አለ። ጨጓራሽ ደጋግሞ..."

"አረ ሙሉ፣ አታካብጂ! ሙሽራ ሆኖ ጨጓራው የማይነሳ ማን አለ?"

መርፌው ከንፈሬ ላይ ነበር። አውጥቼ ሁሉንም መናገር እችል ነበር። እማዬ ስታለቅስ ታየችኝ። "ጫማው ተረከዙ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ትቆሚበታለሽ" አልኳት። "ኦኬ አለቃ" አለች።

አንድ ወር ከምናምን ነው የቀረው። ቀጭን ናት፣ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው፣ አትሮጥ፣ ከባድ አታነሳ። አንድ ወር ምንም አትሆንም። ምንም አትሆንም።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

አላወራኋትም። ስልክ አንስቼ ዘጋሁ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

አዴ ሎሚ የሰርግ ልብሷን ልትለካ ሱቅ መጣች። ስድሳ ዓመቷን ያለፈች ሴት ሦስት ፎቅ ወጥታ "አካም ጅርታ!" ብላ ሰላም ስትለኝ ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም። አንገቷን ስለካ አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ አየችኝ።

"ፊትሽ ገርጥቷል። ታመሻል እንዴ?"

"ጾም ነው፣ አዴ።"

"ጾም እንዲህ አያደርግም" አለች፤ ቀጥላ ሌላ ነገር እንድላት ጠበቀችኝ። እኔ ሜትሩን ጠቀለልኩ።

ወደ ማታ እማዬ ጋ ጎራ አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሥዕሉ ፊት ቆማ "ይህችን ብቻ አሳየኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም" ትላለች። ሳልገባ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ሆስፒታል ነን። ትተነፍሳለች። ወደ አዲስ አበባ ልንወስዳት ነው፣ አምቡላንስ እየጠበቅን ነው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ትናንት እንዲህ ነው የሆነው።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ነበር። ሊዲ በእኔና በአዴ ሎሚ መሀል ነች፣ እማዬ ከኋላችን። ፀሐዩ የአዳማ ፀሐይ ነው፤ ግንባራችን የሚነካው ምንጣፍ ራሱ ይፋጃል። እኔ ከሠላሳ ስግደት በኋላ ቆሜ ቀረሁ፤ በኋላ እቀጥላለሁ አልኩ። ሊዲ ግን ሙሽራ ናት፣ ስለት አለባት፣ አላቆመችም። ከቀትር በኋላ ወድቃ ስትነሳ በግማሽ ቀረች። ተንበርክካ መንጋጋዋን በእጇ ያዘች።

ከግቢው ዛፍ ሥር አስቀመጥናት። ላቧ ቀዝቃዛ ነው፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። "መንጋጋዬን... ጨጓራዬ ነው" ትላለች። ሴቶቹ በነጠላቸው ያራግቡላታል። ጾም ነው፣ ሙቀት ነው፣ ትንሽ ትረፍ ይላሉ። እማዬም ጎንበስ ብላ "ቤት እንውሰዳትና ተልባ እናጠጣት፤ ለታመመ ይፈቀዳል" አለች።

ተልባ ስትል ተሻለች መጣችብኝ። የብርጭቆው ሙቀት እጄ ላይ አለ።

"ተልባ አይደለም!" አልኩ። በስቅለት ቀን፣ ጸሎት በሚሰማበት ግቢ ጮህኩ። "ልቧ ነው! ሆስፒታል ነው የምትሄደው!"

እማዬ አንጓዬን ይዛ "ሙሉብርሃን!" አለችኝ። ሙሉ ስሜን የምትጠራው ዝም እንድል ነው። ዓይኗ አዴ ሎሚ ላይ ነበር። እኔም ወደ አዴ ሎሚ ዞርኩ።

"አዴ፣ በቤታችን በሽታ አለ። አባቴ በልብ ነው የሞተው፤ እህቴም በልብ ነው። እኔም አለብኝ። እሷም አለባት። አውቀን ነው ከእርስዎ የደበቅነው።"

አዴ ሎሚ ሊዲን በብብቷ ገብታ አነሳቻትና በሩ ላይ ወደቆመው ባጃጅ "ዳፊ! ዳፊ!" እያለች፣ ሁላችንንም እያጣደፈች ጎተተቻት።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ሊዲን አየቻት፣ ነጭ ልብሷን አየች፣ "ስትሰግዱ ዋላችሁ? ግሉኮስ ይበቃታል" አለች። የእማዬን ፊት ሳላይ ሁሉንም ደገምኩላት፤ የአባቴን ዕድሜ፣ የተሻለችን ዕድሜ፣ የእኔን ደም፣ የእግሯን ጅማት። ያን ጊዜ ሮጣ ሐኪም ጠራች። ደረቷ ላይ ገመድ ገመድ ለጠፉና መሣሪያው ወረቀቱን ሲተፋ ሐኪሙ ገና ሳይጨርስ አስፒሪን አምጡ አለ። እንድታኝከው ሰጧት። ልብ ድካም አይደለም፤ ወደ ልብ ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቶ ነው። አዲስ አበባ እንደደረስን በቀጭን ቱቦ ገብተው ከፈቱላት።

ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አለ የአዲስ አበባው ሐኪም። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

በሆስፒታሉ ኮሪደር ፈሰክን፤ ቶኩማ ዳቦና ሻይ አመጣ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። አዴ ሎሚ ከእማዬ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እማዬ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች።

"ለእኔ ብላችሁ ነው የደበቃችሁት?" አለች አዴ ሎሚ። "እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ያስጠየቅሽው አንቺ ነሽ" አለች እማዬ፣ ከነጠላው ውስጥ።

"ያስጠየቅኩት አውቄ እንድጠብቃት ነው።" ዳቦውን አነሳች። "ደግሞ የቶኩማ አባት ስኳር አለበት። እኛም አልተናገርንም።"

እማዬ ቀና አለች። ሁለቱ ተያዩ። በሌላ ቀን ቢሆን የሚሳቅበት ነገር ነበር። አዴ ሎሚ ዳቦውን ቆርሳ ለእማዬ ሰጠቻትና እማዬ ተቀበለቻት።

በኋላ እማዬ ብቻዬን ስታገኘኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። "ለተሻለችም እንዲህ ይከፍቱላት ነበር?"

አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ሊዲ ዛሬ ተቀምጣ በላች። ሁሉም ሲወጡ እኔን አስቀረችኝ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

አምቡላንሱ ውስጥ ሳለሁ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። "የእኔን በየካቲት። ያንቺን ጫፉን ስለካልሽ" አልኳት።

እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አየችው።

"ጫማው ተረከዙ ዝቅ ይበል ያልሽኝ ለዚያ ነው?"

"አዎ።"

"ዝቅ ያለ ጫማ" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ውጪልኝ፣ ሙሉ።"

ወጣሁ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ዛሬ ሰርጉ የሚሆንበት ቀን ነበር። ወደ መስከረም ተላልፏል፤ ቶኩማ ያንን ቀን ራሱ ነው የመረጠው። ቀሚሱ ሱቄ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ሊዲ ከሆስፒታል ወጥታ እማዬ ጋ ናት፤ እኔ ስሄድ ተኝታለች ይሉኛል።

ደረጃው ላይ ቆምኩ። ስልክ አልተደወለም። በየካቲትም አልተደወለም። አብተው እየደገፈኝ ሦስተኛው ፎቅ አደረሰኝ፤ ዛሬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እንዴት ለእኔ አትነግሪም እያለ ደረጃውን በሙሉ ተነጫነጨ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። ነገ የልብ ሐኪሙ ጋ ይዞኝ ሊሄድ ፈቃድ ወስዷል።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ አይቶኛል፤ የእኔም ሥር ጠብቧል፣ ገና አልተዘጋም። መድኃኒት ጨምሮልኛል። "የመጀመሪያውን ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው አይደል?" ሲለኝ አዎ አልኩት። ሁዳዴን በሙሉ እንደተውኩት ለእሱ ለመንገር አፈርኩ። አዲሱ ማሸጊያው ሳይፈታ፣ አሮጌውም እንደተጀመረ፣ ሱቅ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። እሷ ሳታናግረኝ እኔ ብድን ምን ዋጋ አለው የምል ይመስለኛል። ይህ ደግሞ ሲጻፍ ነው ሞኝነቱ የሚታየው።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ፣ ስልኬ ጮኸ። የእውነት ነው የጮኸው። ሊዲ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ አንዲት ቃል።

"ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ" ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ጣቴን ሳስጠጋ ጣቴ ቆመ። አጠፋሁት። ተነስቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ፣ ቁልፎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ኪኒኖቹን አወጣሁ፣ ከፕላስቲኩ ውኃ ቀድቼ ከአሮጌውም ከአዲሱም አንድ አንድ ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው "ዋጥኩ" ብዬ የላክሁላት።